ስንጥቋ ከየት መጣች?

ጀልባዋ የምታፈሰው ሐይቅ ላይ አይደለም፤ ሴንት ፖል ከተማ ዳርቻ፣ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ነው። ከተሳቢዋም አልወረደችም። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ጠርዟ ላይ ተሰቅሎ ወደ ውስጧ ውሃ ይለቃል። ከሥሯ ሁለት ሰዎች ካርቶን አንጥፈው በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ባትሪ እያበሩ ሆዷን ያያሉ። ወሩ ሚያዝያ ነው። በሚኒሶታ የሐይቆቹ በረዶ ቀልጦ የሚያልቅበት፣ ጀልባ ያለው ሁሉ ሸራውን ገልጦ የቅዝቃዜው ወራት ምን እንዳተረፈለት የሚያይበት ጊዜ ነው።

«ዝጋው፣ ዝጋው!» አሉ ትልቁ ሰው። «ከዚህ በላይ ከሞላ የምንሰብራት እኛው ነን።»

ወጣቱ ተስፈንጥሮ ተነሥቶ ቧንቧውን ዘጋ። ትልቁ ሰው ያሉት ለማስፈራራት አልነበረም። ጀልባ የምትሠራው ከውጭ ውሃ እንዲደግፋት እንጂ ከውስጥ ውሃ እንድትሸከም አይደለም። ሐይቅ ላይ ሆዷ በሙሉ እኩል ድጋፍ ያገኛል። ተሳቢ ላይ ግን ክብደቷን የሚችሉት ከሥሯ የተዘረጉት ሁለት ጣውላዎች ብቻ ናቸው። ባለ16 ጫማ ጀልባ ውስጥ አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢገባ ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ጠብታ ፈላጊ ውሃ የሚጨምረው በጥቂቱ ብቻ ነው። ከዚያ የውጩን ገላ በጨርቅ አድርቆ፣ ዐይኑን ተክሎ ይጠብቃል።

ብዙም አልጠበቁም። ከኋላ በኩል ሦስተኛዋ የጎን አጥንት ከጀልባዋ አከርካሪ ጋር በምትገናኝበት ቦታ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ወደቀች። ሁለተኛዋም ተከተለች። ትልቁ ሰው ከጆሯቸው ላይ ጠመኔ አውርደው ቦታውን ከበቡት።

የጀልባዋ ባለቤት በሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ጀልባዋን ያለፈው መስከረም ያገለገለች ሆና ገዛት። ሁለት ጊዜ ይዟት ወጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ የውሃ ማውጫ ፓምፗ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ዋለ። ትልቁን ሰው የሚያውቃቸው በቤተ ክርስቲያን ነው። ሰባ ዓመት ካለፋቸው ቆይቷል፤ ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ ሰፈሩም ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት አየር ኃይል የአውሮፕላን ላሜራ ጠጋኝ ነበሩ። ከተዋጊ ጄት ክንፍ ወደ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ መምጣት ለሰሚው እንግዳ ይመስላል። ታሪኩን ለሚያውቅ ግን ጀልባዋ ራሷ የመጣችው በዚያው መንገድ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአሜሪካ ሐይቆች ላይ የሚንሳፈፈው የእንጨት ጀልባ ነበር። የእንጨት ጀልባ ውብ ነው፤ ባለቤቱን ግን አሽከሩ ያደርገዋል። በየዓመቱ ይቀባል፣ በየመገጣጠሚያው ይደፈናል፣ ቢረሱት ይበሰብሳል። እ.ኤ.አ. በ1944 ከግሩማን የአውሮፕላን ፋብሪካ ኃላፊዎች አንዱ የነበረው ዊልያም ሆፍማን በአዲሮንዳክ ተራሮች ከባድ ታንኳ በትከሻው ተሸክሞ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ሲሻገር፣ ይህን ነገር ለምን ከአሉሚኒየም አንሠራውም የሚል ሐሳብ መጣለት። ጦርነቱ ሲያበቃ ለቦምብ ጣይና ለተዋጊ አውሮፕላን የተሰናዳው የላሜራ፣ ላሜራውን የሚሰፋው የሪቬት ችንካርና የሰለጠነ እጅ ክምችት ሥራ ፈለገ፤ ፋብሪካውም ታንኳ መሥራት ጀመረ። ሚኒሶታም አልዘገየችም። በ1946 የጀልባ ፋብሪካዎቹ አሉማክራፍት በሚኒያፖሊስ፣ ክሬስትላይነር በሊትል ፎልስ ተመሠረቱ። በ1948 ደግሞ ኒው ዮርክ ሚልስ በምትባል አነስተኛ ከተማ ሃዋርድ ለንድ የአሉሚኒየም ጀልባ ሥራውን ጀመረ። ዛሬ በዚህ ግዛት ከ800,000 በላይ ጀልባዎች ተመዝግበዋል። የመኪናው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው «10,000 ሐይቆች» ነው፤ ከ10 ኤከር በላይ የሆኑት ሲቆጠሩ ግን 11,842 ናቸው።

አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ አይበሰብስም፤ ድንጋይ ቢነካው ይጎደጉዳል እንጂ እንደ ፋይበርግላስ አይፈርስም። አንድ የማይሸሸው ጠባይ ግን አለው፤ ይደክማል።

ጋሼ ይህን ለወጣቱ ያስረዱት በቃል አልነበረም። ከሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ጣት የምታህል የላሜራ ቁራጭ አነሡና ሰጡት። «እጠፋት» አሉት። አጠፋት። «መልሳት።» መለሳት። ምንም የሆነች አትመስልም። «ቀጥል።» ጥቂት እንዳጠፈና እንደመለሰ ቁራጯ ድምፅ ሳታሰማ ለሁለት ተከፈለች። የመጀመሪያውን ዕጥፋት የቻለች ላሜራ የመጨረሻውን ያልቻለችው ጉልበቱ ስለጨመረ አልነበረም። ድካሙ ተጠራቅሞባት ነው።

ስቲል ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ጫናን ሚሊዮን ጊዜ ቢደጋገምበትም ሊችለው ይችላል። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ የተረጋገጠ ወለል የለውም። ጫናው ትንሽ ቢሆንም ድግግሞሹ ከበዛ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ይህንን ዓለም በብዙ ሕይወት ነው የተማረው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኮሜት የተባለው የእንግሊዞች የመጀመሪያ የመንገደኞች ጄት በጥርና በሚያዝያ ሁለት ጊዜ አየር ላይ ተበተነ። መርማሪዎች አንዱን ኮሜት ፋርንቦሮ በሚባለው የምርምር ጣቢያ ውሃ በተሞላ ትልቅ ገንዳ ውስጥ አስገቡት፤ ከዚያም ገላውን በውሃ ግፊት ደጋግመው ነፉት፣ አስተነፈሱት። በመጨረሻ ከመስኮት ማዕዘን አካባቢ ተነሥቶ ተቀደደ። ማንም ያልመታው ላሜራ፣ በየበረራው ጥቂት ጥቂት ሲነፋና ሲሟሽሽ ደክሞ ነበር። ጋሼ የኮሜትን ነገር የተማሩት ደብረ ዘይት ክፍል ውስጥ ነው። ዛሬም ሹል ማዕዘን ያለው ነገር ሲያዩ ፊታቸው ይቋጠራል።

ስለዚህ የተሰነጠቀ ጀልባ ሲመጣላቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው በምን እንድፈነው የሚል አይደለም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ፤ ስንጥቅ ያለችበት ቦታ የሚንቀሳቀስ ቦታ ነውና፣ ያ ቦታ ለምን እንደሚንቀሳቀስ ሳይታወቅ መሣሪያ አያነሡም። እኔም እዚያ ጋራዥ ደጋግሜ ሄጄ ያየሁት ዋናው ነገር ይኸው ነው። ብየዳውና ሪቬቱ የሥራው ትንሹ ክፍል ናቸው።

ወለሉ ተነሣ። ከሥሩ ያለው ቢጫ ፎም በቢላ እየተቆረጠ ወጣ። ይህ ፎም ሙቀት ለመከላከል የተጨመረ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሥራው ሌላ ነው። የአሜሪካ ሕግ ከ20 ጫማ በታች የሆኑ እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ውሃ ቢሞላቸው እንኳ ሙሉ በሙሉ እንዳይሰጥሙ የሚያንሳፍፍ ነገር እንዲኖራቸው ያዛል። ፎሙ የወጣለት ሰው ጥገናው ሲያልቅ በቦታው አዲስ መተካት አለበት። ከዚህችኛዋ ጀልባ የወጣው ፎም ግማሹ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ባለቤቱ አንዱን ቁራጭ ሲጨምቀው ውሃው በክንዱ ወረደ። «ለካ ይህን ሁሉ እየጎተትኩ ነው ነዳጅ የፈጀሁት» አለ።

ከፎሙ ሥር የቀድሞው ባለቤት ሥራ ተገለጠ፤ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን እንደ ቅቤ ተለቅልቋል። ጋሼ ምንም አላሉም፤ ምላሳቸውን ብቻ መጠጡ። ሲሊኮን ውሃውን ለአንድ ወቅት ያዘገየው ይሆናል። ጉዳቱ ግን ሲወጣም ነው የሚታየው። ቅሪቱ ላሜራው ላይ ተለጥፎ ከቀረ በኋላ የሚመጣ ማጣበቂያ አይይዝም፤ ብየዳም ከሆነ እንደ ስፖንጅ ይበሳሳል። ግማሽ ቀን በመፋቅ አለፈ።

ላሜራው ሲጠራ በዐይን የሚታየው ስንጥቅ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ጋሼ አላመኑትም። ከመደርደሪያቸው ቀይ ፈሳሽ ያለው ጣሳ አውርደው ረጩበት፤ ቀዩ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ጊዜ ሰጡት፤ ከዚያ ላዩን በጨርቅ ጠርገው ነጭ ዱቄት የሚረጭ ሌላ ጣሳ አነሡ። ነጩ ሲደርቅ በውስጡ የቀረው ቀይ እየወዛ እንደ ክር ብቅ አለ። ክሩ ዐይን ካየው አልፎ፣ በአንድ ሪቬት ራስ ሥር አቋርጦ፣ ሌላ አራት ሴንቲ ሜትር ሄዷል። በአንደኛው ጫፉም ለሁለት ተከፍሏል። አውሮፕላን ጠጋኞች ይህን ዘዴ ከያዙት ብዙ ዘመኑ ነው። ዋጋው የጥሩ ምሳ ያህል ነው፤ ያለ እሱ ቢሆን ኖሮ ጥገናው ከስንጥቁ አጥሮ ይቀር ነበር።

ከዚያ ጋሼ ድሪል አነሡና በስንጥቁ ጫፎች ላይ፣ ቀዩ ከጠፋበት ጥቂት አለፍ ብለው፣ ሦስት ሚሊ ሜትር የምትሆን ቀዳዳ በሱ። ወጣቱ ደነገጠ፤ «ጋሼ፣ የምታፈስ ጀልባ ላይ ሌላ ቀዳዳ?» አላቸው። እሳቸው ሳቁ። የስንጥቅ ጫፍ ከማንኛውም መርፌ የሾለ ነው፤ ጫናው ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይሰበሰብና ወደፊት ይቀድዳል። ክብ ቀዳዳ ግን ሹል ጫፍ ስለሌለው ጫናው በዙሪያው ይበተናል። ስንጥቁ ቀዳዳው ላይ ሲደርስ የሚይዘው ያጣል።

እስከዚህ ድረስ አንድ ሪቬት አልተመታም፤ ቀጥሎም ሁለቱ ሰዎች ጀልባዋን ትተው ተሳቢዋን መመርመር ጀመሩ።

መልሱ የነበረው እዚያ ነው። ጀልባዋን የሚሸከሙት ሁለቱ ጣውላዎች እስከ ኋላ ግድግዳዋ አይደርሱም፤ አንድ ክንድ ያህል ቀርቷቸዋል። ያ ግድግዳ ሞተሩ የሚንጠለጠልበት ነው፤ ባለ40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ደግሞ መቶ ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ተሳቢዋ መንገድ ላይ ጉድጓድ በመታች ቁጥር ያ ክብደት ከጣውላዎቹ ጫፍ ባሻገር ወደ ታች ይወረወራል፤ ሆዷም በጣውላው ጫፍ ላይ ይታጠፋል፤ ተመልሶም ይቃናል። የሚኒሶታን መንገድ በበረዶ መቅለጫ ወራት ያየ ሰው ጉድጓዱን ይቆጥረው። የጣውላው ጫፍ ያረፈው በትክክል ሦስተኛዋ አጥንት አጠገብ ነበር። አጥንቷን ከሆዱ ላሜራ ጋር የሚያያዘው ቅንፍም ተሰብሮ ተገኘ። አጥንቷ ሥራ አቁማለች፤ የእሷን ሸክም ስስ ላሜራው ብቻውን ሲሸከም ነበር።

የሐይቁም እጅ የለበትም ማለት አይደለም። ይህች ጀልባ ከባለቤቷ ጋር ሚል ላክስ ላይ ውላለች። ሚል ላክስ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ ግን 13 ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጫጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ጀልባ ከአንዱ ጫፍ ወርዳ ሌላው ላይ በሆዷ ትፈነገላለች። እንዲያም ሆኖ ጋሼ የሚሉት፣ እሳቸው ጋ ከሚመጡት ስንጥቆች የሚበዙት የተወለዱት አስፋልት ላይ ነው። ባለቤቶቹ ግን ማዕበሉን ነው የሚረግሙት። ጀልባ በዓመት ውስጥ ውሃ ላይ ከምትቆየው ይልቅ ተሳቢ ላይ የምትቆየው ይበልጣል።

ይበየድ ወይስ በሪቬት ይለጠፍ? እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የራሱ ሃይማኖት አለው። በቴሌቪዥንና በየአውደ ርእዩ የሚሸጥ አንድ ዘንግ አለ፤ በጋዝ እሳት ብቻ ከ400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ይቀልጣል። ሻጩ የተቀደደ የለስላሳ ጣሳ በዐይናችሁ ፊት ይደፍንበታል። ትርኢቱ ያስደስታል። ዘንጉ በብዛት ዚንክ ነው፤ ለመስኮት ፍሬምና ለሚቆም ነገር ይሆናል። በየሰከንዱ የሚደበደብ የጀልባ ሆድ ላይ አልመክረውም። ኢፖክሲም የራሱ ቦታ አለው፤ በተለይ ላላ ያሉ ሪቬቶች ዙሪያ ለሚያልባት ጀልባ። ለሚንቀሳቀስ ስንጥቅ ብቻውን አይበቃም። ኢፖክሲ የሚጠቀም ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ አሉሚኒየም በተፋቀ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ገላውን በማይታይ የኦክሳይድ ቆዳ መልሶ ይሸፍናል። ስለዚህ ኢፖክሲውን ቀብቶ፣ ሳይደርቅ፣ በዚያው በእርጥቡ ላይ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው ዘዴው፤ አየር ሳያገኘው ይያያዛል።

ብየዳ ለወፋፍራም ላሜራና በብየዳ ለተሠሩ ጀልባዎች ትክክለኛው መድኃኒት ነው። የዚህች ጀልባ ላሜራ ግን 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በሪቬት የተሰፋች ናት። 5052 በሚል ቁጥር የሚታወቀው እንዲህ ያለው የአሉሚኒየም ቅይጥ ጥንካሬውን ያገኘው ሳይሞቅ በሮለር ተጨፍልቆ ነው። የብየዳ ሙቀት ያንን ጥንካሬ ይመልሰዋል፤ በብየዳው ዳርና ዳር ያለው ላሜራ ሳይጎብጥ የሚችለው ጫና ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። በዚያ ላይ በአቅራቢያው ያሉት ሪቬቶች ሥር ያለው መድፈኛ ይቃጠላል፤ አንዱን ስንጥቅ ዘግቶ አሥር ማፍሰሻ መክፈት ይሆናል። በግድግዳው ጀርባ የቀረ ፎም ካለ ደግሞ ይነድዳል፤ ጭሱም መርዝ ነው። ጋሼ ወሰኑ፤ ሆዷ በሪቬት ይጠገናል፣ የተሰበረው ቅንፍ ግን ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይበየዳል።

ቅንፉን ሊያጥቡ ሲሉ ነው ነገር የተበላሸው፤ ወይም ሊበላሽ የነበረው። ወጣቱ ከመኪናው ውስጥ የፍሬን ማጽጃ ጣሳ ይዞ መጣ፤ ቅባት ያነሣል፣ ቶሎ ይተናል፣ ምን ጠፍቶበት? ጋሼ ጣሳውን ከእጁ ነጥቀው መለያውን አነበቡና ደጅ አውጥተው አስቀመጡት። አንዳንዱ የፍሬን ማጽጃ ክሎሪን ያለበት ኬሚካል ነው። ቅሪቱ ወይም እንፋሎቱ በብየዳ ብርሃንና ሙቀት ሲመታ ፎስጂን የተባለውን ጋዝ ሊፈጥር ይችላል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሽግ ውስጥ ወታደር የፈጀውን ያንኑ ጋዝ። በትንሹ የተነፈሰው ሰው ወዲያው ላይታወቀው ይችላል፤ ሳንባው ከሰዓታት በኋላ ውሃ ይሞላል። «በአሴቶን እጠበው፤ እስኪደርቅ ጠብቅ፤ ጨርቁንም ከዚህ አርቀው» አሉት። ከዚያ ለአሉሚኒየም ብቻ የተለየች የአይዝጌ ብረት ብሩሽ አወጡ። ብረት የነካ ብሩሽ አሉሚኒየም ላይ የብረት ቅንጣት ይተክላል፤ በኋላም ይዝጋል።

አሉሚኒየም መበየድ ብረት በለመደ በያጅ ላይ ይቀልዳል። ብረት ሊቀልጥ ሲል ይቀላል፣ ይነጣል፣ ይናገራል። አሉሚኒየም መልኩን ሳይለውጥ ቆይቶ ድንገት ወርዶ ይፈሳል። ደግሞ ያ የኦክሳይድ ቆዳ አለ። አሉሚኒየሙ በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ ቆዳው ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ውስጡ ውሃ ሆኖ ላዩ ከረጢት ይይዘዋል። ቲግ የተባለው የብየዳ ማሽን ለአሉሚኒየም በተለዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሠራው ለዚህ ነው። ኤሌክትሪኩ አቅጣጫውን በቀየረ ቁጥር በአንደኛው ግማሽ ቆዳውን ይሰብራል፣ በሌላኛው ያቀልጣል፤ አርገን ጋዝ ደግሞ አየር መልሶ እንዳይነካው ከላይ ይከልለዋል። ጋሼ የመረጡት መሙያ ዘንግ 5356 ነው፤ ማግኒዚየም ላለው የጀልባ ላሜራ የሚስማማው እሱ ነው። በየመደብሩ በብዛት የሚገኘው 4043 ሲሊከን የተባለው ንጥረ ነገር ያለበት ሲሆን ሲፈስ ይበልጥ ያምራል፤ ማማሩ ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። የብየዳ ጭንብላቸውን አወረዱ፤ ሰማያዊ ብርሃን ጋራዡን ሞላው፤ ብዙም ሳይቆይ ቅንፉ ዳነ። ስለዚህ ሥራ ሰው ብዙ ያወራል፤ ያለቀው ግን ሻይ ሳይቀዘቅዝ ነው።

የሪቬቱ ሥራ ግን ቀኑን ሙሉ ፈጀ፤ ካየሁት ሁሉ ደግሞ እሱን ማየት ደስ ይላል።

ልጣፉ ከዚያው ከ5052 ላሜራ ተቆረጠ። አራቱም ማዕዘኖቹ በፋይል ተሞርደው ክብ ሆኑ፤ የኮሜት ትምህርት ማለት ይህ ነው። ጋሼ በእርሳስ መስመር አሰመሩ። የሪቬቱ ውፍረት የላሜራው ሦስት እጥፍ ያህል ይሁን፤ ስለዚህ 4.8 ሚሊ ሜትር። ከልጣፉ ዳር እስከ ሪቬቱ መሐል ቢያንስ የውፍረቱ ሁለት እጥፍ ይራቅ፤ ከቀረበ ዳሩ ይቀደዳል። ሪቬት ከሪቬት ከሦስት እጥፍ በላይ ይራራቅ። ከወዲያኛው ወገን የሚተርፈው ጭራ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፤ ተመትቶ ሲያልቅም ስፋቱ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከፍታው ግማሽ ይሆናል። ይህን ሁሉ ከቃላቸው ነው የሚያወርዱት። ደብረ ዘይት መምህራቸው ያልቻለውን ምሳ ያስከለክለው ነበር አሉ።

የቀዳዳዎቹ ዳርና የልጣፉ ሆድ በፖሊዩሬቴን መድፈኛ ተቀባ፤ ሪቬቶቹም እየተነከሩ ገቡ። ይህ ሥራ ለአንድ ሰው አይሆንም። ጋሼ ከውጭ፣ ከሥሯ ሆነው በአየር ግፊት የሚሠራውን መዶሻ ያዙ። ወጣቱ ከውስጥ ተንበርክኮ፣ ፊቱ የለሰለሰ ከባድ ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ ከሪቬቱ ጭራ ጋር አጥብቆ ገጠመው። መዶሻው የሪቬቱን ራስ ሲመታ ጭራውን የሚያደቀው ያ ብረት ነው። ሁለቱ ሰዎች አይተያዩም፤ ጫጫታው አያነጋግርም። የሚግባቡት በማንኳኳት ነው። ከውስጥ ያለው አንዴ ካንኳኳ «ጨምር» ነው፤ ሁለቴ «በቃ፣ ጥሩ ነው»፤ ሦስቴ «ተበላሽቷል፣ ይውጣ»።

የመጀመሪያዎቹ ላይ ሦስቴ በዛ። ወጣቱ ብረቱን አጣምሞ ይይዛል፤ ጭራው ወደ ጎን ይተኛል። ጋሼ እየተሳቡ ይወጣሉ፤ የተበላሸውን ራስ በድሪል ያወጡታል፤ ይመለሳሉ።

«ክንድህን አታደንድን፤ ብረቱ ራሱ ይሥራ።»

«እሺ ጋሼ። ግን ድካም አልተሰማዎትም? እኔ ልተኛ፣ እርስዎ ከላይ ይሁኑ።»

«አንተ ከሥር ሆነህ መዶሻውን ከያዝክማ ጀልባዋን ወንፊት ነው የምታደርጋት። ያዝ!»

ከሰዓት በኋላ ሁለቴ ማንኳኳቱ እየበዛ ሄደ። ወደ ማታ ወጣቱ ገና መዶሻው ሳይቆም ነው ጥሩ መሆኑን የሚያውቀው፤ በእጁ ይሰማዋል። ላሜራ ሠራተኛ ማለት ያ የእጅ ስሜት ነው። ዛሬ ከአንድ ወገን ብቻ የሚሳቡ ሪቬቶች በየመደብሩ ሞልተዋል፤ ለብቻው ለሚሠራ ሰው ጫፋቸው ድፍን የሆኑት አይነቶች ይሠራሉ። ከውሃ መስመር በታች ግን ሁለት ሰው እያለ እነሱን መምረጥ ስንፍና ይመስለኛል።

የተሳቢዋ ጣውላዎች በመጨረሻ ተቀየሩ፤ አሁን እስከ ኋላ ግድግዳው ድረስ ይደርሳሉ። እዚህም አንድ ወጥመድ ነበር። ወጣቱ ሊገዛ የሄደው እንዳይበሰብስ በኬሚካል የታከመውን አረንጓዴ ቀመስ እንጨት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ለቤት ግንባታ የሚሸጠው የታከመ እንጨት በብዛት የመዳብ ውሁድ ይዟል፤ መዳብ ደግሞ እርጥበት ባለበት አሉሚኒየምን ይበላል። የኋላ ግድግዳቸውን በዚያ እንጨት አድሰው በጥቂት ዓመት ውስጥ ላሜራቸው የተበሳሳባቸው ሰዎች አሉ። በጀልባ ሆድ ውስጥ ወድቆ የተረሳ የመዳብ ሳንቲም እንኳ ከሥሩ ጉድጓድ ይቆፍራል። ተራ እንጨት ተገዝቶ በቀለም ተሸፈነ።

መድፈኛው እንዲጠነክር አንድ ሳምንት ተተወ። እንደገና ውሃ ገባ፤ እንደገና ካርቶን ተነጠፈ። ደረቅ ነው። ጋሼ ግን አንድ ጊዜ በማየት አልረኩም። ተሳቢዋን በጉድጓዳም መንገድ አስነድተው መልሰው አዩዋት። አሁንም ደረቅ ነው።

የወጣቱ ጥድፊያ ምክንያት አለው። ዎልአይ የተባለውን ተወዳጅ ዓሣ ማጥመድ የሚፈቀድበት ወቅት በሚኒሶታ የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ግንቦት በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ነው፤ ሁልጊዜም በዓለ ሃምሳ ውስጥ ይውላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በዚያን ሰሞን ስለማይነሣ ጀልባው ላይ ያለው ጨዋታ ሰላማዊ ነው ይላል።

ጋሼ የማይጠግኗቸው ጀልባዎችም አሉ። ስንጥቁ ከአንድ ቦታ አልፎ በየአጥንቱ ሥር ከታየ፣ ላሜራው በቅርብ ሲታይ በጥቃቅን ጉድጓድ ከተወረረ፣ የኋላ ግድግዳው በእጅ ሲገፋ ከተወዛወዘ፣ ባለቤቱን ሻይ አጠጥተው ይሸኙታል። የደከመ ላሜራ አይታደስም፤ አንዱን ቦታ ሲያጠነክሩት ድካሙ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። እንዲህ ያለችው ጀልባ ዋጋዋ በኪሎ ነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ ቀልጦ እንደገና አሉሚኒየም ይሆናል።

ያገለገለ የአሉሚኒየም ጀልባ ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖች፣ ቀለሙንና የሞተሩን ድምፅ ብቻ አትዩ። ጎንበስ በሉና ተሳቢውን እዩ፤ ጣውላዎቹ እስከ ኋላ ግድግዳው ይደርሳሉ? ወለሉን አስከፍቱና ሲሊኮን ፈልጉ። ሞተሩን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፤ ግድግዳው አብሮ መተንፈስ የለበትም። ከዚያ ሻጩን አንድ ጎማ ውሃና ግማሽ ሰዓት ለምኑት። እምቢ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።